አመድ አፋሽ

እጄ አመድ አፋሽ ነው፤ አትዘኑ ሰምታችሁ፤
ሙያ ነው፣ ደሞዝ አለው፣ ረጋ ብዬ ላውጋችሁ።

ኢዜር ወንዝ ዳር፣ ቪኔ በምትባል ከተማ፣
ቬርኮር ተራራ ጉሙን ተከናንቦ እንደ ሸማ፣
ጥቅምት ላይ ዋልነቱ ሲረግፍ፣ ጠብ ጠብ ሲል የሚሰማ፣
አንዲት ላቦራቶሪ አለች፣ ጠባብና ጨለማ።

ገበሬው በከረጢት፣ ነጋዴው በካርቶን ያመጣል፤
ቀጭ ይላል ቅርፊቱ፤ አንጎል የመሰለ ፍሬ ይወጣል፤
ፈጭቼ፣ መዝኜ፣ በነጭ ሸክላ ጽዋ አሳድረዋለሁ ሌሊቱን፣
አምስት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ካቀላው እቶን።

ቅባቱ ይሄዳል። ሽታው ይሄዳል። ስኳሩም።
ሰው «ጣፈጠኝ» ያለው ሁሉ፣ አንዱም አይቀርም።
ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ ከታች የምትጠብቀኝ
ቁንጥር የማትሞላ አመድ ናት፣ «አትተንፍስ» የምትለኝ።

«አመድ በዱቄት ይስቃል» ሲባል ያደግሁ ሰው ነኝ፤
እዚህ ግን የአመዱ ሳቅ እውነት ያለው መሰለኝ፦
ዱቄቱ ነደደ፤ አመዱ ቀረ፤
እሳት የማይበላው፣ አፈር ለሥሩ ያበደረው ነገር ነበረ።
ማንጋኒዝ፣ መዳብ፣ ብረት፣ ዚንክ፤ ሴሊኒየም በጭላፊ፤
ከሰው ገላ ቢጎድል ግን፣ ጥቂቱ ነው ቤት አጥፊ።

ክፍል ያከራየኝ ሽማግሌ ሙሴ አንሴልም ይባላል፤
ሃምሳ ዓመት ዋልነት ሸጧል፤ «ፍሬው ለገበያ ነው» ይላል።
ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ራቱ ነጭ ዳቦ ብቻ፤
አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብርጭቆ፣ ጠረጴዛው ዳር ለብቻ።

ያን ዓመት ምላሱ ከዳው።
«አይቡ ወረቀት፣ ሥጋው ወረቀት» እያለ
ጨው ጨመረ፣ ደገመ፤ ጨው ግን ለእርሱ እንደሌለ።
«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለውን ተረት
ተረጎምሁለት፤ አልሳቀም።
«ድንጋይ ነው» ብሎ ዕቃውን ወረወረው ወደ መሬት።

ልጁ ማርጎ ከግሬኖብል መጥታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤
ደሙ ተቀዳ፤ ውጤቱ መጣ፤ እኔ ፊት ዘረጋችው።
ዚንክ፣ ከመሥመሩ በታች። አፈርሁ፤ ፊቴ ቀላ፤
የዛፉን አመድ ስመዝን ከርሜአለሁ፣ ባለዛፉ ሳይበላ።

ሐኪሙ ኪኒን አዘዘ። ማርጎ ከሣጥን መዶሻ አነሳች፤
ማታ ማታ እፍኝ ሙሉ ሰብራ በሳህን አፈሰች።
ዋልነት ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ ይህን ልናገር፤
ዚንኩን ጨብጦ የሚይዝ ንፉግ አሲድ አለ ከውስጡ ጋር።
ምስሩም፣ እንቁላሉም፣ ሥጋውም ያስፈልጋል ጎን ለጎን፤
ሰውነት የሚጠይቀን ጥቂት ነው፤
ጥቂቱ ግን ዕለት ዕለት እንዲሆን።

«ጥርሴን ልትጨርሱ ነው» ይላል፤ ያጉረመርማል፤ ይቆረጥማል፤
ቅርፊቱ ምድጃ ውስጥ ይንጣጣል፤ በረዶው ከደጅ ይከርማል።

መጋቢት ላይ አንድ ምሽት፣ ሾርባውን የሠራሁት እኔ ነበርሁ፤
አንዴ ፉት አለ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ደነገጥሁ።
ፊቱን አጨማደደ፤ ጠረጴዛውን መታ፦
«ማነው ይህን ሁሉ ጨው የጨመረው ዛሬ ማታ!»

ማርጎ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ እርሱ አልገባውም፤
እንዲህ የጣፈጠ ስድብ እኔ ከዚያ በፊት አልሰማሁም።
ኪኒኑ ይሁን፣ ፍሬው ይሁን፣ ወይስ አብሮት የሚበላ ሰው መኖሩ፣
ሚዛኔ አይደርስበትም፤ ከሙያዬ በላይ ነው ነገሩ።

በማግስቱ ጠዋት ግን፣ እቶኑ ሲቀዘቅዝ፣
ያችኑ ቁንጥር አመድ በብሩሽ ስጠርግ፣ ስይዝ፣
ትንፋሼን ዋጥሁ፣ አንዲት ቅንጣት እንዳትበርብኝ፤
የአንድ ሽማግሌ ቁጣ ነው ምናልባት በእጄ ያለኝ።